በነጠላ የተጠቀለለው ማንበቢያ

በማስተምርበት የአዳማ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ አንድ አረንጓዴ የብረት ቁም ሣጥን አለ። እዚያ ውስጥ አሥር የኤሌክትሮኒክስ መጽሐፍ ማንበቢያዎች ተቆልፎባቸው ይኖሩ ነበር። አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ከውጭ አገር የላከልን ስጦታ ናቸው። ከመጡ ጀምሮ ማንም አላነበበባቸውም። ምክንያቱም አንድ ነው፤ እንዳይበላሹ።

ማንበቢያውን ላላዩት ላስረዳ። መጠኑ ከደብተር ያነሰ፣ ውፍረቱ ከትንሽ ጣት የማይበልጥ ሰሌዳ ነው። የንብረት ክፍል ኃላፊያችን ጋሽ ደምሴ «ታብሌት» ይሉታል፤ ታብሌት ግን አይደለም። አይደውልም፣ ፎቶ አያነሳም፣ ቪዲዮ አያሳይም። የሚያስነብበው መጽሐፍ ብቻ ነው፤ አንድ ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ግን ይይዛል። ገጹ እንደ ስልክ ዓይን አይወጋም፤ ወረቀት ነው የሚመስለው። አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ለሳምንታት ይቆያል። ደካማ ጎኑ አንድ ነው። ከገጹ ሥር ያለው መስታወት እንደ ብስኩት ስስ በመሆኑ፣ ጠበቅ አድርገው ከተጫኑት ይሰበራል።

እኔ ስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በክፍሌ አንድ መጽሐፍ የሚደርሰው ለሦስት ተማሪ ነው፤ ቤቱ ይዞት የሚሄደው አንዱ ስለሆነ ሁለቱ ባዶ እጃቸውን ይገባሉ። ስለዚህ ርዕሰ መምህርታችንን ወይዘሮ ሰናይትን ስለ ቁም ሣጥኑ ሳልታክት ጨቀጨቅኳቸው። በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን። በሴሚስተሩ እረፍት ሦስቱን ይዤ ባቱና ሻሸመኔ ወዳሉ የኮሌጅ ጓደኞቼ ትምህርት ቤቶች እሄዳለሁ፤ አጠቃቀሙን አሳያለሁ። ሦስቱም ደህና ከተመለሱ፣ አሥሩም ለተማሪዎች ወደ ቤት ይዋሳሉ። አንዱ ከተሰበረ ግን ቁም ሣጥኑ ተቆልፎ ይቀራል።

ጋሽ ደምሴ ሲያስረክቡኝ «በስምሽ ነው የወጣው» አሉኝ። በሩ ላይ ስደርስ ደገሙት። ግቢው መሀል ስደርስም በመስኮት ጠርተው «ሊዲያ! በስምሽ ነው!» አሉ።

ሰኞ፤ ከአዳማ ወደ ባቱ

ከቤት ስወጣ እናቴ ጸለየችልኝ፤ ለመንገዱ። በዚህ ዘመን ከአዳማ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «መንገዱ እንዴት ነው?» ብሎ ነው፤ ስለ ታሪፍ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ለራሴ ከምፈራው ይልቅ ለቦርሳዬ ነበር የምፈራው። ሁለቱን ማንበቢያዎች በልብሶቼ መሀል አስቀመጥኩ። ሦስተኛውን ለመጠባበቂያ ብዬ ለብቻው በነጠላዬ አራት ጊዜ ጠቀለልኩትና ከላይ አደረግኩት። አንደኛው ወይም ሁለተኛው አንድ ነገር ቢሆን እንኳ ይህ ይተርፋል ብዬ ነው።

መናኸሪያ ስደርስ የሃይሩፉ ሚኒባስ ረዳት ቦርሳዬን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ።

«ላይ እንጫነው፣ እህት።»

«አይሆንም። እኔው እይዘዋለሁ።»

«ምንድነው? እንቁላል ነው እንዴ?»

«ከእንቁላል ይብሳል።»

ከኋላዬ የተቀመጡ ሰውዬ «ከእንቁላል የሚብስ ጫጩት ነው» አሉ፤ ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ቦርሳውን ግን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩ።

ሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ ኮንቴነር የጫኑ ከባድ መኪኖች ተሰልፈው ስለነበር ብዙ ቆምን። በየከባድ መኪናው ጎን ባለፍን ቁጥር ሹፌራችን ወደ አስፋልቱ ጠርዝ ይጠጋል፣ እኔ ደግሞ ወደ ቦርሳዬ። ከሞጆ ታጥፈን ወደ ደቡብ ስንወርድ ነፋሱ ተለወጠ። የአዳማ ነፋስ አቧራ ይዞ ፊት ላይ ይወረውራል፤ ይሄኛው ግን የሽንኩርት ማሳ ሽታ ይዞ ቀስ ብሎ ይገባል። መቂ ስንደርስ እናቴ ደወለች። «ደርሰሻል?» አለችኝ። መቂ መሆኔን ስነግራት «መቂ ምን ታደርጊያለሽ?» አለች፤ መንገዱ በዚያ እንደሚያልፍ ለማስረዳት ጥቂት ጊዜ ፈጀብኝ።

ከመቂ አለፍ ብሎ ኬላ ላይ ወረድን። ሁላችንም ዕቃችንን ከፍተን ቆምን። ፈታሹ ወጣት ነው፤ ተራዬ ሲደርስ እጁን ከልብሶቹ መሀል ሰደደና አንዱን ማንበቢያ አወጣ። 

«ይሄ ምንድነው?»

«መጽሐፍ ማንበቢያ ነው።»

«አጥፊው።»

«ጠፍቷል።»

«ሥዕል እያሳየ ጠፍቷል ትይኛለሽ?»

እዚህ ላይ ነገሩን ማስረዳት ግድ ሆነብኝ። የማንበቢያው ገጽ ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ገጽ ሲለወጥ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቀለሙ ባለበት ይቆማል፤ ተዘግቶም፣ ባትሪው አልቆም፣ የመጨረሻው ሥዕል ለወራት አይጠፋም። ይህንን በምሳሌ አስደግፌ እየነገርኩት ሳለ ከኋላ «ቲቸር! አሳጥሪው እባክሽ! ሜዳ ላይ ክላስ ከፈትሽ እኮ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ረዳቱም «ቲቸር መሆኗን በምን አወቁ?» ሲል፣ ያ የጫጩቱ ሰውዬ «ማን ሌላ ሰው ለፈታሽ ምሳሌ ይሰጣል?» አሉ።

ፈታሹ ግን የያዘው ሌላ ሐሳብ ነበር። «ታዲያ ስቲከር ነዋ» አለና የሥዕሉን ጠርዝ በጥፍሩ መፋቅ ጀመረ። «እባክህ ወንድሜ፣ እባክህ!» አልኩት። ባልደረባውን ጠርቶ አሳየው። ባልደረባውም በሌላኛው ጠርዝ ሞከረ። አልላጥ ሲላቸው እጄ ላይ መለሱልኝና የመጀመሪያው በቅን ልቦና «እህት፣ ስቲከሩን አንሺለት፤ ሲነሳ ይበልጥ ያምራል» አለኝ። ጠርዙ ላይ የጥፍር ምልክት ቀረ። በነጠላ የተጠቀለለውን አልነኩም። ተመስገን አልኩ።

ባቱ የደረስነው የምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ጓደኛዬ ሀዊ በባጃጅ ወስዳ ሐይቁ አጠገብ ካለው ቤታቸው አገባችኝ። እናቷ አዴ ዘይቱና በሩ ላይ ቆመው «አካም ጅርታ? ፈያ? መንገዱስ? ሰዎችሽስ?» እያሉ ጥያቄውን አከታተሉብኝ፤ የአንዱን መልስ ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል። ከሐይቁ የወጣ ዓሣ ተጠብሶ ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር ቀረበልን። አዳማ ዓሣ የምናውቀው በምግብ ቤት ሳህን ላይ ነው፤ እዚህ ግን ከነጭንቅላቱ ይቀርባል፣ በእጅ ይፈለፈላል፣ ጣት በዘይት ይርሳል። አዴ ዘይቱና ቦርሳዬን ሊያነሱልኝ ሲሉ «ይተዉት፣ እኔ አነሳዋለሁ» አልኩ። በምሳው ሁሉ እግሬ ላይ አስቀምጬው ነበር።

«ልጄ፣ ማን ይወስድብሻል? ቤት ነው እኮ» አሉኝ። አፈርኩ፤ ግን አላወረድኩትም።

ማክሰኞ፤ ባቱ

የሀዊ ተማሪዎች በእረፍታቸው መጥተው በትምህርት ቤቱ ግቢ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጠበቁን። የመጀመሪያውን ትምህርት ፀሐይዋ ራሷ አስተማረችልኝ። አንዱ ተማሪ ስልኩን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ሲይዘው ጥቁር መስታወት ሆነ፤ ፊቱን ብቻ ያሳየዋል። ማንበቢያውን ፀሐይ ላይ ሳወጣው ግን ፊደሉ ይበልጥ ጎላ። ቀጥዬ ፊደልን ማተለቅ አሳየኋቸው፤ ከኋላ ረድፍ ያለችው ልጅ ሳትነሳ እስክታነብ ድረስ። ከዚያ የማይታወቅ ቃል ላይ ጣት አሳርፎ መቆየትን አስተማርኩ፤ ትርጉሙ ራሱ ይመጣል። ሁሉም አንድ አንድ ቃል እየነኩ ተሳሳቁ።

ችግሩ የመጣው በሁለተኛው ማንበቢያ ነው። ራሴ በአማርኛ የጻፍኩትን አጭር ታሪክ ጭኜበት ነበር። ስከፍተው በገጹ ሙሉ የተደረደሩ ባዶ ሳጥኖች ወጡ።

«ቲቸር፣ ይሄ ታሪክ ነው ብሎኬት?» አለ አንዱ።

«ዝም በል! ቲቸር ቤት ልትሠራ ነው» አለችው ሌላዋ።

ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ለሚገጥመው ሰው ይጠቅም እንደሆነ ልጻፈው። ማንበቢያው የግዕዝ ፊደል ቅርጽ፣ ማለትም ፎንት፣ ካልተጫነበት ፊደሉን ስለማያውቀው በቦታው ሳጥን ይሥላል። መጽሐፉ አልጠፋም፤ ፎንቱን በኮምፒውተር መቅዳት ነው። እኔ በአንደኛውና በሦስተኛው ላይ ጭኜ ሁለተኛውን ረስቼው ነበር።

«ታዲያ ሦስተኛውን አውጪዋ» አለች ሀዊ።

«መጠባበቂያ ነው።»

«ሊዲያ፣ ከዚህ በላይ ምን ሲመጣ ነው የሚወጣው?»

ላፕቶፕ ፍለጋ ጽሕፈት ቤቱን ዞረን ፎንቱን እስክንጭን አንድ ሰዓት ሄደ፤ ሦስተኛው እግሬ አጠገብ ቁጭ ብሎ ነበር።

ማታ ወጡ ቀርቦ መጉረስ ከጀመርን በኋላ ሀዊ እንደ ዋዛ «አንዱን ረሂማ ይዛው ሄዳለች» አለችኝ።

«የት?»

«ቤቷ ነዋ። ነገ ጠዋት ትመልሰዋለች።»

ረሂማ ከኋላ ረድፍ ሆና ያነበበችው ልጅ ናት።

«ሀዊ፣ ምን ማለትሽ ነው? ማን ፈቀደላት?»

«እኔ። አንቺ ወደ ቤት እንዲወሰድ አይደለም እንዴ የምትለፊው?»

አዴ ዘይቱና ሊያጽናኑኝ ፈለጉ። «አትጨነቂ፤ ረሂማ ጨዋ ልጅ ናት። አባቷንም እናውቀዋለን፣ ሐይቁ ላይ ዓሣ አጥማጅ ነው።»

ዓሣ አጥማጅ! ጀልባ፣ ውሃ፣ እርጥብ እጅ፣ ዓሣ የሚቆረጥበት ጠረጴዛ ባንድ ጊዜ ታዩኝ።

«ኛዱ፣ ልጄ፣ ኛዱ፤ ብዪ» አሉኝ አዴ ዘይቱና፤ ትልቁን ቁራጭ ወደኔ እየገፉ። በላሁ፤ ምን እንደበላሁ ግን አላስታውስም። ስተኛ በነጠላ የተጠቀለለውን አጎበሩ ውስጥ ይዤው ገባሁ።

ረቡዕ፤ ከባቱ ወደ ሻሸመኔ

ቁርሳችን ጨጨብሳ ነበር። ሳንጨርሰው ረሂማ መጣች። ማንበቢያውን በፌስታል፣ ፌስታሉን በሌላ ፌስታል አድርጋ ቋጥራዋለች። ስፈታው የዓሣ ሽታ ወጣ፤ ጀርባው ላይም የዘይት አሻራ አለ። ቁልፉን ተጫንኩ። ተከፈተ። ምንም አልሆነም።

ማታ ከጂኦግራፊ መማሪያው አንድ ምዕራፍ አንብባ ያልገቧትን ቃላት አስምራባቸው ነበር። «ቲቸር፣ ‹ሪፍት› የሚለውን ስነካው ስንጥቅ ይላል። እኛ ስንጥቅ ውስጥ ነው የምንኖረው?»

«አዎ፤ አዳማም፣ ባቱም፣ ሻሸመኔም።»

«አያስፈራም?»

«ለምደነዋል» አልኳት። የሌሊቱን ጭንቀቴን ብታይ ኖሮ አታምነኝም ነበር።

መናኸሪያ ስንደርስ ወሬ ይናፈሳል። ከቡልቡላ ወዲያ መንገድ ተዘግቷል ይላል አንዱ፤ ትናንት ነው የተዘጋው፣ ዛሬ ተከፍቷል ይላል ሌላው። ሹፌሮች ክብ ሠርተው ስልክ ይደውላሉ። ከሻሸመኔ የመጣ መኪና ሲገባ ሁላችንም ከበብነው፤ ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ምን ሆናችሁ? እንቅልፍ ወስዶኝ ካልሆነ ምንም አላየሁም» አለ። አዳማ ወሬ የሚደርሰን ከበረደ በኋላ ነው፤ እዚህ ግን ትኩሱን ነው የሚበሉት። ሀዊ «እደሪ እንጂ» አለችኝ። ሻሸመኔ የሚጠብቁኝ ተማሪዎች እንዳሉ ነግሬያት አንድ አባዱላ ሚኒባስ ላይ ተሳፈርኩ።

መኪናው ከልኩ በላይ ሞላ። እኔ ከሹፌሩ ኋላ ባለው ወንበር፣ በአንዲት የልብስ ነጋዴና በመስኮቱ መካከል ተጣብቄ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ። ሁለቱን ማንበቢያዎች ከታች አድርጌያቸዋለሁ፤ በነጠላ የተጠቀለለው ከላይ፣ ልቤ አጠገብ ነው። ጭር ባለው መንገድ ላይ ማንም አላወራም። ሹፌሩ ሙዚቃውን ዘጋው። ቁጥቋጦ ባየን ቁጥር ሁሉም ወደዚያ ያያል። እኔም ቦርሳውን ይበልጥ ወደ ራሴ እጫነው ነበር።

ከቡልቡላ አልፈን ብዙም ሳንሄድ አህዮች ከመንገዱ ዳር በድንገት ገቡ። ሹፌሩ ፍሬኑን ረገጠ። ሁላችንም ወደ ፊት ሄድን፤ ደረቴ ቦርሳውን፣ ቦርሳው የፊቱን ወንበር ብረት መታ። በዚያ ጫጫታ መሀል አንድ ትንሽ ድምፅ ሰማሁ። ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ የሚወጣ ዓይነት ድምፅ ነው።

«ደህና ነሽ?» አለችኝ ነጋዴዋ።

«ደህና ነኝ።»

«ቦርሳሽስ? ጨርቅ ነው ወይስ የሚሰበር?»

«ደህና ነው» አልኳት፤ ሳላየው። የውሃ ጠርሙሴ ነው የተጨማደደው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ጠርሙሱ በርግጥም ተጨማዶ ነበር። ስለዚህ ቦርሳውን መክፈት አላስፈለገኝም። ሻሸመኔ እስክንደርስ ሦስት ጊዜ ዚፑን ያዝኩ፤ ሦስት ጊዜም ለቀቅኩ።

ሻሸመኔ ከአዳማ ትቀዘቅዛለች፤ ስወርድ ሹራብ ደረብኩ። ተቀባዬ የኮሌጅ ጓደኛዬ ዮናስ ነው። አክስቱ እትዬ ብርቄ ዘንድ ነው ያሳደረኝ። እትዬ ብርቄ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የራሳቸውን መኝታ ለቀውልኝ እሳቸው ሳሎን ተኙ። ቆጮ በጎመን አቅርበው፣ አዳማ ይህ እንደማይዘወተር ስነግራቸው «ታዲያ ምን እየበላችሁ ነው ያደጋችሁት?» አሉኝ በእውነተኛ ሐዘን።

ሐሙስ፤ ሻሸመኔ

ትምህርቱ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ነበር። ግማሽ ላይ ስንደርስ መብራት ጠፋ። ክፍሉ መስኮቱ ትንሽ ስለሆነ ጨለመ፤ ተማሪዎቹ ሊነሱ ሲሉ የሁለቱን ማንበቢያዎች ትንሽ መብራት አበራሁ። ሁለት ክብ ሆነው ተቀመጡና አንዱ እያነበበ ሌላው እያዳመጠ ቀጠሉ። የመማሪያ መጽሐፉ ገጽ ለማንበቢያው ሰፊ ስለሆነ ፊደሉ ያንሳል፤ መፍትሔው ሰሌዳውን በጎን ማዞርና ገጹን ከላይ እስከ ታች በግማሽ በግማሽ ማንበብ ነው። ይህንን በጨለማ ውስጥ አስተማርኩ። ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ በዓይኔ እከተለው ነበር። አንዴ ወደቀም፤ ከአንዲት ልጅ ጭን ወደ ወለሉ። አነሳችው፤ ይሠራል። «ይቅርታ ቲቸር» አለች በለቅሶ ድምፅ። እኔም ማልቀስ ምንም አልቀረኝም።

ዮናስ ጠጋ ብሎ «ክቡ ውስጥ ሰው በዝቷል፤ ሦስተኛውን ጨምሪልን» አለኝ።

«እሱ... እሱ ቻርጅ የለውም» አልኩት። በነፍሴ የማውቀውን ግን ዓይኔ እንዲያይ አልፈለግኩም።

ማታ እትዬ ብርቄ ስለ ወደቀው ሰምተው የስፌት መኪናቸውን ከፈቱ። ከሱፍ ቁራጭና ከአሮጌ ደብተር ጠንካራ ሽፋን ለማንበቢያዎቹ ከረጢት ሰፉልኝ፤ ካርቶኑ ገጹ ላይ እንዲያርፍ አድርገው።

«ሦስተኛውንም አምጪው፣ ልለካው።»

«ልካቸው አንድ ነው፣ እትዬ።»

«ልብስ ሳይለኩ አይሰፋም፣ ልጄ።»

«እባክዎ፣ አንድ ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ፤ ምን እንዳዩ አላውቅም። ሦስተኛውንም ሳይለኩ ሰፉት። እኔም ከነነጠላው ከተትኩት።

ዓርብ፤ ወደ አዳማ

ስመለስ መንገዱ ሰላም ነበር። ስለ መንገዱ ግን አላሰብኩም። ዝዋይ ሐይቅ በቀኝ፣ የመቂ ቲማቲም በሳጥን፣ የሞጆ ኮንቴነሮች፣ ሁሉም እንደ ፊልም አለፉ። አዳማ ስገባ የለመድኩት አቧራ ፊቴን መታኝ፤ የጋሪ ፈረሶችም እንዳሉ ናቸው። ከመናኸሪያ ቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ቤት ከገባሁ ድፍረት እንደማላገኝ አውቄዋለሁ።

ጋሽ ደምሴ ሦስቱን ጠረጴዛቸው ላይ ደረደሩ። አንደኛው ጠርዙ ተፍቋል። ሁለተኛው የዓሣ ሽታ አለው፣ ማዕዘኑም ተጭሯል። መነጽራቸውን አውርደው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥሎ ሦስተኛውን ከከረጢቱ አወጡ፤ ነጠላውን አንድ በአንድ ፈቱ። ማንበቢያው ንጹሕ ነበር። አንድ ጭረት የለውም። የፋብሪካው ሥዕል ገጹ ላይ እንዳለ ነው።

ፊታቸው በራ። «ይኸውልሽ! ንብረት እንዲህ ነው የሚያዝ። ሌሎቹንስ እንዲህ ብትይዣቸው ምን ነበረበት?»

«ጋሽ ደምሴ፣ ቁልፉን ይጫኑት።»

ተጫኑት። የሥዕሉ ላይኛው ግማሽ ባለበት ቀረ። የታችኛው እንደ ተቀደደ ጨርቅ ክር ክር ሆኖ ተበተነ፤ መሀሉ ላይ ጥቁር ቀለም እንደ ፈሰሰ ተዘረጋ።

ጋሽ ደምሴ ወደ ገጹ ጎንበስ አሉ። «ማን ነካው?»

«ማንም አልነካውም።»

«ማንም ካልነካው ምን ሰበረው?»

«እኔ። አቅፌው ነው።»

ወይዘሮ ሰናይት ተጠርተው መጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አህዮቹን፣ ድምፁን፣ ዚፑን። ስምምነታችንን አላነሱም፤ ማንሳትም አላስፈለጋቸውም። ሁላችንም ወደ ቁም ሣጥኑ ነበር የምናየው። ተማሪዎቼ ታዩኝ፤ መጽሐፍ ያልደረሳቸው ሁለት ሁለቱ። ጋሽ ደምሴ ቀስ ብለው «በሉ፣ እነዚያ ሰባቱ እንኳ አልተነኩም፤ ደህና ናቸው» አሉ።

ወይዘሮ ሰናይት የተሰበረውን አንስተው አገላብጠው አዩት። «ይሄም አልተነካም ነበር እኮ፣ ጋሽ ደምሴ፤ ይክፈቱት» አሉ።

ጋሽ ደምሴ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ከኪሳቸው ለማውጣት ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። ሰባቱን አውጥተን ከፕላስቲካቸው ላጥናቸውና በየተራ ቻርጅ ላይ ሰካናቸው። ባትሪ ባዶውን ለዓመታት ከተቀመጠ ይሞታል፤ ይህንን አውቅ ነበር፣ በዚያች ሰዓት ግን ለማስረዳት አልደፈርኩም። የመጀመሪያው ትንሽ መብራቱን አበራ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ ጠበቅን፤ ጠበቅን፤ አልበራም። ጋሽ ደምሴ ሶኬቱን ነቅለው ሌላ ላይ ሰኩት። አልበራም። ቀጥሎ ያለውም አልበራም።

«እነዚህ በማን ስም ናቸው?» አልኩ፤ ለመጉዳት አልነበረም፣ ከአፌ አመለጠኝ።

«በኔ» አሉ ጋሽ ደምሴ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ፍርሃት ከቡልቡላ ወዲያ በመስኮቱ መስታወት ላይ ያየሁት የራሴው ነበር። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ፤ የቀሩትን አብረን ሰካን።

የሠሩትን ማንበቢያዎች አሁን ተማሪዎቼ ዓርብ ዓርብ ወደ ቤት ይወስዷቸዋል። እትዬ ብርቄ ለሁሉም ከረጢት ሰፍተው ላኩልን፤ እንደ ሦስተኛው ሳይለኩ። ሰኞ ጠዋት ጋሽ ደምሴ ራሳቸው በር ላይ ቆመው ይረከባሉ። እያንዳንዱን ልጅ «ነካኸው?» ይሉታል። «አዎ፣ ጋሼ» ይላል። «ጎሽ» ብለው ያሳልፉታል፤ ጭረቱን፣ ዘይቱን፣ የማዕዘኑን ስብራት እንዳላዩ ሆነው።

አልፎ አልፎ ግን አንድ ልጅ ይመጣል፤ የታጠበ ሸሚዝ የለበሰ፣ ከረጢቱን በሁለት እጁ የያዘ። በኩራት «ጋሼ፣ ጭራሽ አልነካሁትም፤ በጨርቅ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት» ይላል። ያን ጊዜ ጋሽ ደምሴ ወደኔ ዞር ይላሉ፣ እኔም ወደሳቸው። ልጁ ቁልፉን እስኪጫን ድረስ ሁለታችንም አንተነፍስም።